የ1963ቷ ኮርቬት አከርካሪ

መኪናዋ ከተሰረቀች አሥራ አምስት ዓመት ሆኗታል። ያን ቅዳሜ ጠዋት ግን ስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ የመኪና ትርኢት አዳራሽ ውስጥ፣ ሦስት መቶ ሰው ፊት ቀይ ቀለም ተቀብታ ቆማለች።

እንዲህ ያሉት ወይዘሮ ኢሞጂን ፕሩት ናቸው። ሌላ ማንም አላለም።

ሳጅን ማርቫ ኪስለር ከንብረት ወንጀል ክፍል ስትደርስ፣ አሮጊቷን የቤተ ክርስቲያናቸው ሴቶች ፓይ ከሚሸጡበት ጠረጴዛ ኋላ አገኘቻቸው። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሽርጣቸው ላይ የቼሪ ጭማቂ ፈስሷል። አላለቀሱም፤ አልጮኹም።

"ወይዘሮ ፕሩት፣ እርግጠኛ ነዎት?"

"ልጄ፣ ጠዋቱን ሙሉ ፊት ለፊቴ ናት። ምን ሌላ ሥራ ነበረኝ?"

"የእርስዎ ቀለሟ ምን ነበር?"

"ብርማ ሰማያዊ።"

"ይቺ ቀይ ናት።"

"እኔም ቀሚስ እቀይራለሁ።"

ማርቫ ፈገግታዋን ዋጥ አደረገች። "በምን አወቋት ታዲያ?"

"በግራ ፓራፋንጎዋ። በ66 የፖስታ ሳጥናችን ግንድ ላይ አላተምኳት። የዚች አካል ብረት አይደለም፤ ፋይበርግላስ ነው፣ ይሰነጠቃል። ባሌ ዲዊ በእጁ ጠገናት። መለጠፊያው ጨርቅ ሲያልቅበት የወጥ ቤቴን መጋረጃ ቀደደና ሙጫ ውስጥ ነክሮ ከውስጥ ለጠፈው። ታዲያ ሙቀት ሲመታው ያብጣል። ዛሬ በበሩ የገባው ፀሐይ ሲያርፍባት መዳፍ የምታህል እብጠት አወጣች። ሂጂና ዳሰሽ እዪው።"

ማርቫ ሄደች። ለእሷ መኪና ማለት ከቤት ቢሮ የሚያደርስ ነገር ነው፤ ከዚያ በላይ አስባበት አታውቅም። እዚህች አጠገብ ስትደርስ ግን እግሯ ቀስ አለ።

ዝቅ ያለች ናት፤ ጣሪያዋ ከሰው ወገብ ብዙም አያልፍም። አፍንጫዋ እንደ ቢላ ስል ነው። የፊት መብራቶቿ ወደ ውስጥ ዞረው ስለተደበቁ ዓይኗን የጨፈነች ትመስላለች። በሮቿ ጣሪያው ድረስ ገብተው ተቆርጠዋል። ጣሪያው ወደ ኋላ እየጠበበ እንደ ጠብታ ይወርዳል፤ መሐሉ ላይ እንደ ዓሣ አከርካሪ ያለ ሸንተረር የኋላ መስታወቱን ለሁለት ከፍሎ እስከ ጭራዋ ይዘልቃል። ዙሪያዋን ሽበታም ወንዶች ባትሪ መብራት ይዘው ተቀምጠዋል። ሆስፒታል የገቡ ይመስል በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት።

ማርቫ ተንበርክካ መዳፏን ፓራፋንጎው ላይ አሳረፈች።

እብጠቷ አለች።

* * *

የመኪናዋ ባለቤት ዶክተር ጄራልድ አምዋልት የጥርስ ሐኪም ነው። ማርቫ ፓራፋንጎው ሥር ገብታ ከውስጥ የተቀባውን ሬንጅ በቢላ እንድትፍቅ ሲፈቅድላት ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ሬንጁ ተላጠ። ከሥሩ ቢጫ ጨርቅ ወጣ፤ ጨርቁ ላይ ትንንሽ አውራ ዶሮዎች ታትመውበታል።

"ዶሮዎቼ!" አሉ ወይዘሮ ፕሩት።

ሐኪሙ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

"ከየት አገኟት?" አለች ማርቫ።

"ከአዮዋ። ከሁለት ዓመት በፊት። የኮርቬት ክበባችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ካርድ ተለጥፎ አየሁ። ስሄድ ጎተራ ውስጥ ቆማለች። አንዲት አሮጊት ሊብሬውን ሰጡኝ፤ በሟች ባላቸው ስም ነው። ሜልቪን ሩድ ይላል።"

"ዋጋዋስ?"

"ከሚገባት ሲሶውን።"

"አልጠረጠሩም?"

"ሳጅን፣ ሰው ዕድሉን ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም።"

ማርቫ መኪናዋን ወደ ፖሊስ ግቢ አስወሰደችና አዮዋ የመኪና መዝገብ ቤት ደወለች። መኪናዋ ላይ የተለጠፈው የሻንሲ ቁጥር የአንዲት ቀይ ኮርቬት ነው። ያቺ ቀይ ኮርቬት ደግሞ በ1971 ተቃጥላለች። ፋይበርግላስ ሲቃጠል ከሻንሲው በቀር የሚተርፍ ነገር የለም። ማለትም አንድ ሰው የሞተችውን መኪና ቁጥር ወስዶ በሕይወት ያለችው ላይ ለጥፏል፤ የቁጥሩ መዝገብ ቀይ ስለሚል ቀይ ቀብቷታል። ሜልቪን ሩድ የሚባለውም በእርግጥ ነበረ። ግን መኪናዋን በ1987 ሸጠ ሲባል እሱ ከሞተ ሰባት ዓመት አልፎታል።

አመሻሹ ላይ የ1974ቱን የስርቆት መዝገብ ከምድር ቤት አስወጣች። ባልና ሚስት ሠርግ ሄደው ነው ጋራዡ የተሰበረው። መርማሪው ሁለት ዕቃ መዝግቧል። አንድ ኮርቬት። አንድ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የነበረ የፕላስቲክ ቁራጭ።

የፕላስቲክ ቁራጭ?

ተጠርጣሪ ተብሎ የተጻፈው ስም ደግሞ አንድ ብቻ ነው፦ ቡች ካራስ፣ ባትላሜራ። በተሰረቀ ዕቃ ሁለት ዓመት የታሰረ።

* * *

ካራስ ስልሳ ዓመት ሞልቶታል። አሁንም ከባቡር ሐዲዱ ማዶ የመኪና አካል ይጠግናል። ማርቫን ሲያይ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

"የፕሩትን መኪና ልትጠይቂኝ ነው የመጣሽው። ወሬው ካንቺ በፊት ደረሰ።"

"አንተ ነህ የወሰድካት?"

"በ74 እስር ቤት ነበርኩ እኮ፣ ሳጅን። የዚያን ጊዜው መርማሪ እንኳ ሳያጣራ ነው ስሜን የጻፈው። ስሜ አፉ ላይ ቀሎት ነበር።"

ማርቫ አጣራች። እውነቱን ነው። በሠርጉ ቀን ካራስ ከታሰረ አራት ወር ሆኖታል።

"እንግዲያው እርዳኝ። ካንተ የተሻለ ፋይበርግላስ የሚያውቅ የለም ይላሉ።"

"ይላሉ? ነው እንጂ!"

ፖሊስ ግቢ ይዛው ሄደች። ካራስ ጣሪያውን በጣቱ ጫፍ ከፊት እስከ ኋላ ዳሰሰ። ውስጥ ገብቶ የጣሪያውን ልባስ ገለጠና መብራት አስጠግቶ ወደ ላይ አንጋጠጠ። ሲወጣ ድምፁ ተለውጧል።

"አከርካሪው ተቆርጦ ነበር።"

"የቱ?"

"መስታወቱን ለሁለት የሚከፍለው። ይኼ በ63 ብቻ ነው የተሠራው። ኋላ ይከልላል ብሎ ፋብሪካው ራሱ በዓመቱ ተወው። ያኔ ብዙ ሰው በመጋዝ እየቆረጠ አንድ ወጥ መስታወት ያስገባ ነበር፤ ዛሬ ሁሉም ጣቱን ይነክሳል። ይቺም ተቆርጣለች። ኋላ አንድ ሰው መልሶ ገጥሞላታል።"

"አዲስ አከርካሪ?"

"እሱ ነው የገረመኝ። አዲስ በፖስታ ይላካል፤ በሁለት ቀን ገጥመሽ ትጨርሺያለሽ። ይኼ ግን የራሷ ነው፣ የድሮው። በግራ በኩል የመጋዙ መስመር ጠማማ ነው፤ ጠማማው ከጠማማው ጋር ቁልጭ ብሎ ገጥሟል። ስፌቱ ከላይ በዓይን አይታይም። ለገበያ የሚሠራ ሰው ይኼን አይሠራም፣ ሳጅን። እኔም አልሠራውም። ይኼን የሠራ ወር ሙሉ እጁ እስኪደማ አሽቷል።" ጣሪያውን እንደ ፈረስ ጀርባ መታ መታ አደረገው። "ሌባ ይሁን እንጂ ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ።"

ማርቫ መዝገቡን አስታወሰች። የፕላስቲክ ቁራጭ። ሌባው የመጣው ለመኪናዋ ብቻ አይደለም፤ ቁራጩን ከግድግዳው አውርዶ ወስዷል። የት እንደተሰቀለ ያውቃል። ምን እንደሆነም ያውቃል።

ጋራዡን የሚያውቅ ወዳጅ ነው።

* * *

ክበቡ የዳኝነት ወረቀቶቹን አይጥልም። ትርኢት ላይ እያንዳንዷ መኪና ፋብሪካው ካወጣት ጊዜ ጋር ትመዘናለች፤ አንዲት ብሎን ከተለወጠች ነጥብ ይቀነሳል። ስፌቱን ያየ ዳኛ ይኖር እንደሆነ ለማወቅ ማርቫ የሁለት ዓመቱን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች።

የዋናው ዳኛ የላይል ኦበርሆልት እጅ ጽሑፍ ሁሉም ወረቀት ላይ አለ። ጡረታ የወጣ የእጅ ሥራ መምህር ነው። አንዱን ሰው የብሎኑ ጭንቅላት አንድ ዓመት ዘግይቶ የተሠራ ነው ብሎ ቀንሶበታል። ሌላውን ኮፈን ሥር ያለው ጥቁር ቀለም አብዝቶ ያበራል ብሎ። የሐኪሙን መኪናም ቢሆን ስለ መሪው፣ ስለ ምንጣፉ ቀንሶባታል። "ጣሪያና የኋላ መስታወት" በሚለው መስመር ላይ ግን በሁለቱም ዓመት ሙሉ ነጥብ ነው። አምና ረዳት ዳኛው በእርሳስ "ስፌት ይሆን?" ብሎ ጽፎ ነበር። አንድ ሰው በላጲስ አጥፍቶታል፤ ጭረቱ ግን ይነበባል።

ከአዳራሹ ማዶ ሆኖ ብሎን የሚለይ ዓይን፣ አፍንጫው ሥር ያለውን ስፌት አላየም?

አንድ ስልክ ብቻ ቀራት። አዮዋ ያሉት ወይዘሮ ሩድ፣ ጎተራ ውስጥ ሊብሬውን የሰጡት አሮጊት፣ የአባታቸው ስም ማን ነው?

ኦበርሆልት።

* * *

ሰኞ ጠዋት ኦበርሆልትን "በባለሙያነት እንዲያዩልን" ብላ ወደ ፖሊስ ግቢ ጠራችው። ክራቫት አስሮ መጣ። ወይዘሮ ፕሩት ጥላው ሥር ተቀምጠው ሲያያቸው ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ባርኔጣውን አነሳላቸው።

"አቶ ኦበርሆልት፣ ይኼ አከርካሪ ከፋብሪካው እንደወጣ ነው?"

"እንደወጣ ነው።"

"ተቆርጦ አያውቅም?"

"በፍጹም።"

ማርቫ ወረቀቶቹን ኮፈኑ ላይ አስቀመጠች።

"ወረቀት ኮፈኗ ላይ አታድርጊ፣ ይጭራታል!" አለ ሳያስበው።

ማርቫ አነሳችው። "ይቅርታ። ሁለት ጊዜ መዝነዋታል። ረዳትዎ ስፌት ጠርጥሮ ጽፏል፤ እርስዎ አጠፉት። መኪናዋን የሸጡት እህትዎ ናቸው። ሊብሬውም በሞተው አማችዎ ስም ነው።"

ጣቶቹ ባርኔጣውን ያዞራሉ።

"ለገንዘብ ቢሆን በሲሶ ዋጋ አይሸጧትም ነበር። ታዲያ ለምን?"

ሰውየው መኪናዋን ዞሮ ሄደና ከኋላዋ ቆመ። ሲናገር ለማርቫ አልነበረም።

"አንድ መስመር ናት። ከአፍንጫዋ ተነስቶ ኮፈኑን ያልፋል፣ ጣሪያውን ያቋርጣል፣ መስታወቱን ከፍሎ ጭራዋ ላይ ያርፋል። የትም አይቋረጥም። አንድ ዓመት ብቻ ተሠራ። አንድ ጠዋት ዲዊ ዘንድ ስመጣ ቆርጦ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ኋላዬን ከለለኝ አለኝ፤ በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። ዘጠኝ ዓመት ለመንኩት። እኔ ልግጠምልህ፣ በነጻ፣ አልኩት። በ74 'ጋራዡን ሳጸዳ ቁራጩን እጥለዋለሁ' አለኝ። እንዴት ዝም ልበል? የእህቴ ጎተራ ውስጥ ሠራኋት። ሰርቄ አይደለም፤ አዳንኳት።"

"ከዳነች ለምን ሸጧት?"

"አሥራ ሦስት ዓመት ጨለማ ውስጥ ብቻዬን አየኋት። እንዲህ ያለች ነገር ለአንድ ሰው ዓይን አልተሠራችም። ዲዊ ሲሞት ጊዜ… ሰው ይያት አልኩ።"

ወይዘሮ ፕሩት ከወንበራቸው ተነሱ።

"ኋላዬን ከለለኝ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ላይል።"

ዞረ።

"የጎረቤት ልጅ፣ ፔጊ፣ አራት ዓመቷ። ወደ ኋላ ስነዳ ብስክሌቷ ላይ ሆና ከኋላዬ ነበረች። አከርካሪው ጋርዶኝ አላየኋትም። ብስክሌቱ ላይ ወጣሁበት። ልጅቷን ፈጣሪ ወደ ጎን ወረወራት፤ ክንዷ ተሰበረ። ያን ማታ ነው ዲዊ መጋዝ ያነሳው። እየቆረጠ ያለቅስ ነበር፤ በግራ የጠመመው እጁ ሲንቀጠቀጥ ነው። እሱም እንዳንተ ይወዳት ነበር።"

"ለምን… ለምን አልነገረኝም?"

"እኔን እንዳያሳፍር። ቁራጩንም አይጥለውም ነበር፤ አንተን ለማናደድ ነው ያለው። አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው ብለህ አልጠየቅህም። ስለ መስመሩ ብቻ ነበር የምታወራው።"

ኦበርሆልት ከመኪናዋ አንድ እርምጃ ራቀ።

አሮጊቷ ጣሪያውን ዳሰሱ። ከፊት እስከ ኋላ፣ ቀስ ብለው፣ ስፌቱ ሊኖር የሚገባበት ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አቆሙ። ምንም አልተሰማቸውም። ቀና ብለው አዩት።

"በጣም ያምራል፣ ላይል። እውነቴን ነው። ግን የእኛ ነበር።"

ያኔ ነው ክራቫቱን ፈትቶ ኪሱ የከተተውና ለማርቫ ሁለት እጁን ለካቴና የዘረጋላት።

* * *

የ74ቱ ስርቆት የክስ ዘመኑ አልፎበት አያስከስስም። ቁጥር መለወጡና የሐሰት ሊብሬው ግን አስከሰሰው፤ ጥፋቱንም ሳይከራከር አመነ። ለሐኪሙ የሚመልሰውን ገንዘብ ያገኘው የራሱን መኪና ሸጦ ነው። ከክበቡ ስሙ ተሰረዘ፤ ደንቡን የጻፈው ራሱ ነበር።

ካራስ መኪናዋን ብርማ ሰማያዊ ቀብቶ መለሳት። አከርካሪውን እንዲነካ ወይዘሮ ፕሩት አልፈቀዱለትም፤ መጋረጃቸውንም እንዲሁ።

በመስከረም ወር አንድ እሑድ ማርቫ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ስታልፍ አየቻት። ብዙ ባዶ ቦታ እያለ መኪናዋ ከግቢው ጫፍ፣ አፍንጫዋን ወደ መንገዱ አዙራ ቆማለች። ማርቫ ቆመችና ከኋላዋ መጥታ መስመሩን በዓይኗ ተከተለችው።

ወይዘሮ ፕሩት ቁልፋቸውን እያንቀጫቀጩ ወጡ።

"ምነው ይኼን ያህል ርቀው አቆሙ?" አለች ማርቫ።

"ወደፊት ብቻ የምትወጣበት ቦታ ነው የምፈልገው፣ ልጄ። ከመጣች ወዲህ አንድም ቀን ወደ ኋላ ነድቻት አላውቅም።"

ገብተው በሩን ዘጉ። ሞተሩ አጉረመረመ። ማርቫ ከመንገዱ ገለል አለችላቸው፤ መኪናዋ ታጥፋ እስክትሰወር ድረስም ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም።