ባልዲው የተነሣበት ዙር

ለሙከራ የቀረበው ሹፌር የሞተው በሚሽከረከር ወንበር ላይ እንደታሰረ ነው። ወንበሩ የጉዞ ማቅለሽለሽን ይከላከላል የተባለ ክኒን መሞከሪያ ነበር፤ ሰውዬው ክኒኑን ይውጣል፣ ይሽከረከራል፣ ካላስመለሰው የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተር ጮቤ ይረግጣሉ። እኚህ ትልቅ ሰው አስከሬኑን ጥለው የሚያጽናኑት ክኒኑን ሊገዙ የመጡትን ሁለት እንግዶች ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ ጥፋተኛ ተገኝቶ ቆያት። ክኒን የምታድለው ነርስ የሟቹ ታናሽ እህት ናት፤ ዶክተሩም መጠን ተሳስታ ወንድሟን እንደገደለች ላገኙት ሁሉ አውርተዋል። ልጅቷ ከእስሩ ይልቅ የፈራችው ነገሩ እውነት እንዳይሆን ነበር።

«ለአንድ ሰው የምሰጠው እሽግ ውስጥ አንድ ፍሬ ብቻ ነው ያለው» አለች። «መድኃኒት ይሁን የዱቄት ክኒን እኔም አላውቅም። ለማን የቱ እንደሚደርሰው የሚያሳየው ዝርዝር በታሸገ ፖስታ ነው፤ ሙከራው እስኪያልቅ አይከፈትም።»

«ዶክተሩም አያውቁም?»

«እሳቸውም።»

መርማሪዋ ወንበሩን ዞረችው። የማስመለሻ ባልዲው ማንጠልጠያ ባዶ ነበር። የወንበሩ ቴክኒሻን እንደነገራት ከሟቹ በፊት ሦስት ሰዎች እዚያው እንግዶቹ ፊት ተሽከርክረዋል፤ ባልዲውም አልተነሣም። በአራተኛው ዙር ግን ዶክተሩ ራሳቸው አውጥተው ኮሪደር ላይ አስቀመጡት። ሹፌሩንም ውሃ በእጃቸው አጠጡት፤ ቴክኒሻኑ ከዚያ በፊት ለሰው ውሃ ሲቀዱ አይቷቸው አያውቅም።

በማግስቱ የአስከሬን ምርመራው ውጤት ሲመጣ ሁሉንም ወንበሩ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። በሟቹ ደም ውስጥ የሦስት ክኒን መድኃኒት ተገኝቷል። ይህን ነግራቸው ባልዲው በአራተኛው ዙር ለምን እንደተነሣ ጠየቀች።

«የኔ ልጅ፣ ባልዲ ያነሣሁት እኮ ለእንግዶቹ ክብር ብዬ ነው» አሉ ዶክተሩ።

«ለሦስቱ ዙር ክብራቸው የት ሄዶ ነበር?» አለች መርማሪዋ። «ማን ምን እንደዋጠ የማያውቅ ሰው አያስመልስም ብሎ ባልዲ አያነሣም። እርስዎ ፖስታውን ከፍተዋል። መዝገቡን አየሁት፤ ሹፌሩ ባለፈው ሳምንት አስመልሶታል። የዋጠውም የእርስዎን መድኃኒት እንደነበር ከፖስታው አወቁ። እንግዶቹ ፊት እንዳያዋርድዎ ሁለት ፍሬ ውሃው ውስጥ አሟሙተው አጠጡት። ልቡ አልቻለም።» ወደ ነርሷ ዞረች። «አንቺ የሰጠሽው አንዷን ብቻ ነው፣ እህቴ።»

እንግዶቹ ከዶክተሩ አጠገብ ፈቀቅ አሉ። ዶክተሩን የቆረቆራቸው ይሄ ነበር።

«ቢሆንም መድኃኒቱ ሠርቷል» አሏቸው። «አይታችኋል፤ አላስመለሰውም።»

ነርሷ መዝገቡን ከጠረጴዛው አንሥታ የወንድሟን ገጽ ገለጠችና ከብዕር ጋር ፊታቸው አስቀመጠችው።

«እንግዲያው እዚህ ‹ሠርቷል› ብለው ይጻፉት፣ ዶክተር» አለች።

ብዕሩን አላነሡትም።