ቀዝቃዛ ውኃ የለመዱ ዓሦች

መርማሪዋ ስትደርስ ጡረተኛው መምህር ከመስታወት ገንዳው ሥር፣ በራሰው ምንጣፍ ላይ በጎኑ ወድቆ ነበር። እጅጌዎቹ እስከ ክርኑ ተጠቅልለዋል፤ እግሮቹ ባዶ ናቸው። ከበላዩ፣ በገንዳው ውስጥ፣ ጥቋቁር ትንንሽ ዓሦች ምንም እንዳልተፈጠረ ከድንጋይ ድንጋይ ይሯሯጣሉ። ጥቂቶቹ ብቻ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፍፈዋል።

የጣቢያው አዛዥ በሟቹ ወንበር ላይ ተንፈላሶ ስልኩን ይነካካል። ሁልጊዜ ሥራ የበዛበት የሚመስል ሰው ነው፤ ሥራውን ያየ ግን የለም።

«ምን አለፋሽ?» አላት ቀና ሳይል። «ኤሌክትሪክ ነው። ማሞቂያው ውኃ ውስጥ ተሰንጥቋል፣ ሰውየው እጁን ከትቷል፣ አለቀ። ሚስትየዋም ብሬከሩን ያበራሁት እኔ ነኝ ብላ አምናለች። በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው። ይዘናት እንሂድ፣ ዝናቡ ሳይመጣ።»

«እውነትህን ነው» አለች መርማሪዋ ጓንቷን እያጠለቀች። «ለአንድ ሰው ነፍስ ተብሎ ጫማህ አይጨቀይም።»

ባልደረቦቿ በሌለችበት «ምስጥ» ይሏታል፤ ድምፅ ሳታሰማ ከውስጥ ትበላለች ለማለት ነው። ታውቃለች፤ አልከፋትም። በዚያ ጣቢያ ውስጥ ታስቦበት የተባለ ነገር ቢኖር ያ ስም ብቻ ነው ብላ ታምናለች።

ወደ ገንዳው ጠጋ አለች። በየሆቴሉና በየቢሮው የምታያቸውን የዓሣ ገንዳዎች ትንቃቸዋለች፤ የተቀባ ጠጠር፣ የፕላስቲክ ግንብ፣ አፉን የሚከፍትና የሚዘጋ የፕላስቲክ አዞ። እዚህ ግን ከዚያ ሁሉ አንድም የለም። የወንዝ አሸዋ፣ የለሰለሱ ድንጋዮች፣ አንድ ጠማማ የዛፍ ሥር። የመስታወቱ መጋጠሚያ ላይ ያለው ማጣበቂያ ገና ነጭ ነው፤ ገንዳው ተሠርቶ አልቆየም። ከገንዳው ከንፈር ላይ ትንሽ ማራገቢያ ወደ ውኃው አጎንብሶ ታስሯል።

ከጠማማው የዛፍ ሥር ጀርባ፣ አንገቱ ላይ የተሰነጠቀ የብርጭቆ ቱቦ በሁለት ማጣበቂያ ጎማዎች መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፤ ማሞቂያው ነው። ብሬከሩ መጥፋቱን አረጋግጣ፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ የተሰካውን ገመድ ነቅላ አወጣችው። ዙሪያውን ነጭ የኖራ ቅርፊት ይዞታል። በጥፍሯ ፋቀችው፤ በቀላሉ የሚነሳ አይደለም። ጓንቷን አውልቃ ጣቷን ውኃው ውስጥ ነከረች። ይቀዘቅዛል።

ወጥ ቤት ስትገባ ሚስትየዋ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እያየቻቸው ነበር፤ የሌላ ሰው እጆች የሆኑባት ይመስል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ሳትጠየቅ።

«እስቲ ይረጋጉ፣ እናቴ። እንዴት እንደሆነ ይንገሩኝ።»

«እጁን ውኃ ውስጥ ከመክተቱ በፊት ‹አጥፊ!› ይለኛል፤ ኮሪደሩ ላይ ያለውን ብሬከር አጠፋለሁ። ሲጨርስ ‹አብሪ!› ይላል። ጠንቃቃ ነው፤ ከኤሌክትሪክ ጋር አይቀልድም።»

«ዛሬስ ‹አብሪ› አለዎት?»

ሴትዮዋ እጆቿን ወደ ጭኗ ሰበሰበች። «የጨረሰ መሰለኝ።»

«ከዚህ ሆነው ሳሎኑ አይታይም። ‹ጨርሷል› ያለዎት ማን ነው?»

የሴትዮዋ ዓይን ወደ በረንዳው ሮጦ ተመለሰ። «ማንም። ማንም አላለኝም።»

ምስጥ አልገፋችም። ፍሪዘሩን ከፈተች። ከላይ እስከ ታች በረዶ የሆኑ የላስቲክ ጠርሙሶች ተደርድረውበታል።

«ይኼ ሁሉ ለምንድነው?»

«ለዓሦቹ። ፀሐይ ሲበረታ ውኃው ላይ ያንሳፍፍላቸዋል። ከተራራው ጅረት አብረን ነው ያመጣናቸው፤ የዚያ አካባቢ ልጆች ‹ድንጋይ ላሽ› ይሏቸዋል። ውኃው ሞቅ ካለ አየር ያጥራቸዋል ይላል። እኔማ አንዳንዴ ‹እኔን እንዲህ አራግበኸኝ ታውቃለህ?› እለዋለሁ...» ፈገግታዋ ከመጀመሩ ጠፋ።

ግቢው ውስጥ ፖሊስ መልሶ ያስጠራው የጌጥ ዓሣ ሻጭ ከመኪናው ጎን ቆሞ ይቆጣል። የወርቅ ቀለም ገመድ ያለው ነጭ ኮፍያ ስለሚያደርግ ሰዉ «አድሚራል» ይለዋል። ባሕር አይቶ አያውቅም፤ ከሱቁ የሚወጡት ዓሦችም ብዙ ቀን አያዩም።

«እኔ ምን አገባኝ፣ የኔ እመቤት! ሁለተኛውን ገንዳ አድርሼ ሄድኩ። ስሄድ መምህሩ በደህና ጤንነቱ ይሰድበኝ ነበር።»

«ለምን ይሰድብሃል?»

«ልማዱ ነው! የእኔን ቀይና ቢጫ ዓሦች ‹ከረሜላ› ይላቸዋል። ለዚህ ጭቃ ለመሰለ ዓሣ የሚለፋውን ብታይ! የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለው ብሎ ከጅረቱ በጀሪካን ይሸከማል። ውኃው ይሰንብት ብሎ ስንት ጊዜ ገንዳውን ያለ ዓሣ አስቀመጠው። ማሞቂያ ልሽጥልህ ስለው ደግሞ ‹ለጠላቶቼ አስቀምጠው› ይለኛል።»

«ሁለተኛው ገንዳስ?»

«ለፉክክር ነዋ! በአንዱ የተራራው ውኃ፣ በሌላው ከቆዳ ፋብሪካው በታች የተቀዳ ውኃ፤ ያው ዓሣ በሁለቱም። ከዚያ ጋዜጠኛ ጠርቶ ‹የትኛው እንደሚሞት ተመልከቱ› ሊል ነበር። እኔ በሳቅ ሞትኩ።»

«የሚስቱ ወንድምስ? የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ እሱ አይደል?»

«እሱ አልሳቀም። ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ነበር፤ እኔና መምህሩ ገንዳውን ከመኪና ስናወርድ ብቅ ብሎ እንኳ አላገዘንም። ኋላ እሱን እዚያው ትቼ ሄድኩ። አሁን ልቀቂኝ፣ እዚያው እሱ ፋብሪካ ይጠብቁኛል። የእሱ ጸሐፊ ከጠዋት ጀምራ ትደውላለች፤ ቢሮው ያሉት ከረሜላ... ማለቴ ዓሦቹ ጥግ ይዘው አልንቀሳቀስ ብለዋል።»

ምስጥ አንዱን ፖሊስ ጠርታ በጆሮው የሆነ ነገር ነገረችው። ፖሊሱ በሞተር ብስክሌት ወጣ።

ሥራ አስኪያጁ በረንዳው ላይ፣ በሚያብለጨልጭ ጫማ፣ አንድ እግሩን በሌላው ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። ሲያያት አልተነሳም።

«እባካችሁ ቶሎ ብትጨርሱልን። ቀብር አለብን።»

«ከመምህሩ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«ደግ ሰው ነበር። ትንሽ ቀለል ያለ ነው እንጂ... በዚህ ዕድሜ እንደ ሕፃን ዓሣ! ሽቦና ውኃ አንድ ላይ! ያ ማሞቂያ አንድ ቀን ጉድ ይሠራሃል ብዬው ነበር።»

«ማሞቂያውን ከዚህ በፊት አይተውታል?»

«ገንዳው ከተተከለ ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ዓሣ ያለ ማሞቂያ ይኖራል እንዴ? ይኼን ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም።»

«አያስፈልግም» አለች ምስጥ በትሕትና። «ብሬከሩ ሲበራ የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ስልክ እያወራሁ። እባክሽ እህቴን አታስጨንቂብኝ። እናታችን ስትሞት እሷ ናት ያሳደገችኝ። ሳታስበው ያደረገችው ነው።»

በድምፁ ውስጥ ያለው ርኅራኄ እንደ ጫማው በደንብ የተወለወለ ነበር።

ፖሊሱ ሲመለስ ስልኩን አሳያት። ምስጥ ፎቶውን አይታ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። ሟቹ ተነስቷል፤ የምንጣፉ እርጥበት ግን አልደረቀም። ሚስትየዋ ከመስኮቱ ሥር፣ ወንድሟ ከአጠገቧ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ፣ አድሚራል ከበሩ ጋ ተቀመጡ። አዛዡ ሰዓቱን ያያል።

«በዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ትርፍ ዕቃ አለ» አለች ምስጥ ማሞቂያውን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች። «ማራገቢያው ውኃውን ያቀዘቅዛል። ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው በረዶም ውኃውን ያቀዘቅዛል። ሌት ተቀን ውኃ ለማቀዝቀዝ የሚደክም ሰው ማሞቂያ ምን ያደርግለታል?»

አዛዡ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ቀጥሎ፣ ገንዳው አዲስ ነው፤ ማሞቂያው ግን የኖራ ቅርፊት አውጥቷል። እንዲህ ያለ ቅርፊት የሚይዘው ሌላ ውኃ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ የኖረ ዕቃ ነው። ስለዚህ መምህሩ አልገዛውም። አንድ ሰው ማሞቂያውን አምጥቶ፣ የቱቦውን አንገት ሰንጥቆ፣ ከዛፍ ሥሩ ጀርባ ደብቆ፣ ገመዱን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ሰካው። መምህሩ አላየውም፤ የሌለውን ዕቃ ለምን ይፈልጋል?»

«እኔ ለማንም አልሸጥኩም!» አለ አድሚራል።

«ለመምህሩ አልሸጥክም። እምቢ እንዳለህ ደግሞ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። አንተ ብትገድለው፣ ማሞቂያ እዚህ ገንዳ ውስጥ ቦታ እንደሌለው ስለምታውቅ ሌላ መንገድ ትፈልግ ነበር። እኚህ እናትም በረዶው ለምን እንደሆነ ስለሚያውቁ ይኼን ስሕተት አይሳሳቱም። የቀረው፣ ‹ዓሣ ያለ ማሞቂያ አይኖርም› ብሎ የሚያምን ሰው ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቅ አለ። «ሰው ማሞቂያ ስላለ ነው ነፍሰ ገዳይ የምትይው? ደርሰሻል!»

«አላለቀም። ሌላ ዓሣ አይተው ስለማያውቁ ዓሣ ሁሉ እንደ ሆቴልና እንደ ቢሮ ዓሣ መሰለዎት። ቢሮዎ ውስጥ ያሉት ከሞቃት አገር የመጡ ናቸው፤ ዛሬ ጠዋት ማሞቂያቸውን ሲያነሱባቸው በብርድ ተኮራመቱ።» የፖሊሱን ስልክ ከማሞቂያው ጎን አስቀመጠች። «ይኼ የቢሮዎ ገንዳ ነው። መስታወቱ አረንጓዴ ለብሷል፤ ሁለት ክብ ቦታ ብቻ ንጹሕ ነው። ከማሞቂያው ሁለት ማጣበቂያ ጎማዎች ጋር ልክ ነው። ለክተነዋል።»

የሥራ አስኪያጁ እጅ ከእህቱ ትከሻ ወረደ።

«መምህሩ ሁለተኛውን ገንዳ ቢሞላ ፋብሪካዎ ወንዙን ምን እንዳደረገው ሕፃንም ያይ ነበር። ስለዚህ እሱና አድሚራል ዕቃ ሲያወርዱ፣ ማሞቂያውን እዚህ ከተቱት። ከዚያ መምህሩ ‹አጥፊ› አለ፤ ጠፋ። እጁን ከተተ። አሁን ማን ያብራ? እርስዎ ራስዎ ማብራት ይችሉ ነበር፤ ግን እጅዎ እንዳይነካው ፈለጉ። ቤቱ ውስጥ አንዲት የምታምንዎት ሴት ነበረች።»

«እታለም» አለ ሥራ አስኪያጁ በፍጥነት፣ «እንደ ቅድሙ ንገሪያቸው እንጂ። ማንም አላለኝም ብለሻል፤ አላልሽም? በአንድ ቃል እርጊ። ብትታሰሪም ምንም አይደለም፣ ጠበቃ እቀጥርልሻለሁ።»

ምስጥ ብዙ ወራዳ አይታለች፤ ይኼኛው ግን ጠበቃ ያቆማል። አንድ ቃል አልጨመረችም። የኖራ ቅርፊት ማን እንደገደለ ቢናገርም፣ እነዚያን ሁለት እጆች ነፃ የምታወጣቸው ባለቤታቸው ብቻ ናት።

ሴትዮዋ ወንድሟን ትክ ብላ አየችው። ከልጅነቱ ጀምሮ የምታውቀውን ፊት አንድ በአንድ የምትፈልግ ትመስል ነበር።

«ኮሪደሩ ላይ መጥቶ ‹ጨርሷል፣ አብሪው፤ ፍሪዘርሽ ይበላሻል› አለኝ» አለች። «አበራሁት። ተሳስቶ መስሎኝ ነው የሸሸግኩለት።»

«እታለም!»

«አንተ ልጅ፣ ስንት ጊዜ እዚሁ ማዕድ ላይ ነግሮሃል? ዓሦቼ ብርድ ይወዳሉ፣ ሙቀት ይገድላቸዋል እያለ፣ እየሳቀ። አጠገብህ ተቀምጦ!»

ሥራ አስኪያጁ ከተቀመጠበት ብድግ አለ፤ ፊቱ ቀላ። የተሰደበ ሰው እንጂ የተከሰሰ ሰው አይመስልም ነበር።

«ስለዚያ የጭቃ ዓሣ ሲያወራ ማን ያዳምጠዋል!» ብሎ ጮኸ። «ማሞቂያ እንደማያስፈልግ ከየት አውቄ!»

አዛዡ እንኳ ገባው።