የጉራቻ ፏፏቴ ጫማዎች

ኢንስፔክተር ሰልማ ጉራቻ ፏፏቴ ስትደርስ ሬሳው በጋቢ ተሸፍኖ፣ ሾፌሩ በገመድ ታስሮ ጠበቋት። ሁለቱም ከአንድ ግራር ሥር ነበሩ።

«ሾፌሩን ማን አሰረው?» አለች።

«እኛ ነና» አለ የቀበሌው ሚሊሻ። «ገዳዩ እሱ ነው ተባለ።»

«ማን አለ?»

ሚሊሻው የቆሙትን ሰዎች አንድ በአንድ አያቸው። «ሁሉም» አለ።

ሟቹ ኢንጂነር ጀሚል ይባላል። ከሚስቱ ከሙናና ከሥራ ባልደረባው ከሳዳም ጋር ከአዲስ አበባ መጥቶ ከሚሴ አድሯል። ጠዋት አስጎብኚው ሙህዲን ሦስቱንም በሾፌሩ በአብዶ ሚኒባስ ይዟቸው ወጣ። ፍል ውሃውንና እሳተ ገሞራ የተፋውን የጥቁር ድንጋይ ሜዳ ጎበኙ፤ ቀትር ላይ ሰንበቴ ምሳ በሉ፤ ከዚያ እዚህ መጡ። ክረምቱ ካለፈ ብዙ አልሆነውም፤ ውሃው ከጥቁሩ ገደል አፍ እየተምዘገዘገ ይወርዳል። ጀሚልም ከዚያው አፋፍ ወድቋል፤ ያረፈው ግን ከውሃው ጎን ባለው ደረቅ ቋጥኝ ላይ ነው።

«ከሚሴ ወንድ መርማሪ አልቆባት ነው?» አለ ሳዳም፣ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ።

«ወንዶቹማ ይኸው፣ ሳይጠይቁ አስረዋል» አለች ሰልማ ዞር ሳትል።

«ምን ይጠየቃል? ሰውዬው በሁላችን ፊት ዝቷል። ይህን ሚኒባስ የሚነዳ ሌላ ሰው ፈልጉልን። እኔ ከነፍሰ ገዳይ ጋር አንድ መኪና አልገባም!»

ሰልማ ጋቢውን ገለጠች። የሟቹ ሸሚዝ እጅጌ እስከ ክርን ተሰብስቧል፤ እግሮቹ ባዶ ናቸው። ሱሪው ከጉልበት በታች ተበጫጭቆ፣ እንደ ሞረድ የሻከረው ድንጋይ ቅልጥሙን ልጦታል። ጭረቱ ግን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ፣ በመቀስ የተቆረጠ ይመስል፣ ቀጥ ብሎ ያበቃል። ከዚያ በታች ያለው ቆዳ አልተነካም።

ጋቢውን መልሳ ወደ አፋፉ ወጣች። አንገተ ረጅም የቆዳ ጫማዎች፣ ካልሲያቸው በውስጣቸው ተወሽቆ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው አፍንጫው ላይ አዲስ ተፍቆ ነጥቷል።

ከኋላዋ ሙህዲን ደረሰ። «ውዱእ ሊያደርግ አውልቆት ነው፣ ኢንስፔክተር። እኔ ታች ነበርኩ። ‹ለዐስር ልታጠብ› ብሎኝ ብቻውን ወጣ። ኢና ሊላሂ! ለሶላት ሲታጠብ መሞት!»

«‹ለዐስር› አለህ? በዚህ ቃል?»

«ወላሂ፣ በዚሁ ቃል። ከዚያ አብዶን ጀሪካን ይዞ ከላይ ሲወርድ አየሁት። የቀረውን እርስዎ ይጨምሩበት።»

ሰልማ ምንም አልጨመረችበትም። ወርዳ ከአብዶ ፊት ተቀመጠች።

«ጋሼ አብዶ፣ ወደ ላይ ለምን ወጡ?»

«ለራዲያተር ውሃ ልቀዳ። ቀዳሁ፣ ወረድኩ። ሰው አላየሁም። አንቺም ካላመንሽኝ ውሰጂኝና ይብቃ!»

«ሰንበቴ ላይ ዝተውበታል ይባላል።»

«ዝቻለሁ!» ጮኸ ሾፌሩ። «የገበያ ቀን ነው፤ መኪናዬ በግመልና በበሬ መሀል ተሰንቅራ ነጋዴው ሁሉ በዱላ ይነርታታል። የቀትሩን ዙሁር አብረን ሰገድን፣ እኔ ወጣሁ። እሱና ያ ሳዳም የሚሉት እንደገና ለሶላት ቆሙ! ሲመጣ ‹አንድ ቀን እንደተገተርክ ትቀራለህ› አልኩት። ምላሴን በቆረጠው!»

«ያኔ ሙህዲን የት ነበር?»

«ቀድሞን ሰግዶ ምሳ ሊያዝ ሄዷል። የደረሰው ለስድቡ ነው።»

ሙና ከሚኒባሱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደም መስሏል።

«ባሌን የገደለው እዚያ ታስሯል፤ ከእኔ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ዛሬ ዐስርን ሰገድሽ?»

«እሱ ምን አገባሽ?»

«መልሺልኝ፣ እህቴ።»

«ሰንበቴ ሰገድን። መንገደኞች ነን፤ ከዙሁር ጋር አጠቃለልነው። በቃሽ?»

ለሳዳም የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። «ጥቁሩ ድንጋይ ጋ ጀሚል ምን አለ?»

«ምን ይላል? ድንጋዩ ለመንገድ ጠጠር ተስማምቶታል። ‹መፍጫውን እዚህ እተክላለሁ፤ ፏፏቴው ድረስ ይበላል› አለ። ሳቅን።»

«ሙህዲንስ?»

«እሱማ ከሁላችንም አብልጦ ሳቀ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰልማ ሁሉንም ግራሩ ሥር ሰበሰበቻቸው። ጫማዎቹን መሀል አስቀመጠች።

«ጀሚል ሲወድቅ ይህን ጫማ አድርጎ ነበር» አለች። «ድንጋዩ እግሩን ልጦ ልጦ የጫማው አንገት ጋ ሲደርስ አቁሟል። ጫማውም ራሱ ተፍቋል። ስለዚህ ከወደቀ በኋላ አንድ ሰው ወርዶ አወለቀለት፤ እጅጌውን ሰበሰበ፤ ጫማውን ወደ አፋፉ መልሶ ደረደረ። ለምን? ውዱእ ሲያደርግ አዳለጠው እንድንል።»

«አብዶ ነዋ!» አለ ሳዳም።

«ጋሼ አብዶ ጀሚል ለሁለተኛ ሶላት ሲቆም በዓይናቸው አይተዋል፤ የተጣሉትም በእሱ ነው። አንተ ከጎኑ ሰግደሃል። ሙናም አጠቃልላለች። ለመንገደኛ የቀትሩንና የዐስሩን ሶላት አንድ ላይ መስገድ የተፈቀደ ነው። ሦስታችሁም ጀሚል ዐስርን እንደጨረሰ ታውቃላችሁ፤ ውሸት ብትፈጥሩ ይህን አትፈጥሩም። ይህን የሚፈጥረው በአገሩ ያለ፣ ዐስርን በሰዓቱ የሚሰግድና ሰንበቴ መስጊድ ውስጥ አብሯቸው ያልነበረ ሰው ነው።»

ዓይኖች ሁሉ ወደ ሙህዲን ዞሩ።

«ውዱእ ለሶላት ብቻ ነው እንዴ?» አለ ሙህዲን። «ሰው እንዲሁም ይታጠባል።»

«ይታጠባል። ‹ለዐስር› አለኝ ብለህ የማልከው ግን አንተ ነህ። ሟቹ ያን ቃል የሚልበት ምክንያት አልነበረውም። በአደጋ ልታስመስለው ነበር ያሰብከው፤ ሰው በአብዶ ላይ ሲጮህ ግን የተሻለ መንገድ አገኘህ።»

ሙህዲን ለመሳቅ ሞከረ። ጠዋት ሆኖለት ነበር፤ አሁን ግን ከንፈሩ እንቢ አለው።

«ወደ ፏፏቴው የሚያወጣውን መንገድ በእጄ ነው የጠረግኩት» አለ በመጨረሻ። «ሰው ይህን ቦታ እንዲያይልኝ ደጅ ያልጠናሁበት ቢሮ የለም። እሱ አፋፉ ላይ ቆሞ ውሃውን አንድ ጊዜ አላየም። ድንጋዩን በጫማው ይመታል። ‹ማሎ ተወው› ብዬ ለመንኩት። ‹አንተም ዘበኛ ትሆንልኛለህ› አለኝ።»

«አሁንማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል» አለች ሰልማ። «ሰው የተገደለበት ፏፏቴ ብሎ።»

ሚሊሻው ገመዱን ከአብዶ ፈትቶ ሙህዲንን አሰረበት። ያው ገመድ ነው። አብዶ የተላጠ እጁን እያሻሸ ማንንም ሳያይ ሬሳውን ከሚሊሻው ጋር አንስቶ ሚኒባሱ ውስጥ አስተኛ።

ሙና ቀረበችው። «አፉ በሉኝ፣ አባቴ።»

አብዶ በሩን ከፈተላት።

«እሺ ጋሼ» አለ ሳዳም ቦርሳውን አንግቶ፣ «ሳይመሽብን እንንቀሳቀስ።»

አብዶ በሩን ዘጋው። «ዛሬ የምጭነው ያልወነጀለኝን ሟችና አፉ በለኝ ያለችኝን ነው።»

«እኔስ በምን ልሂድ?»

ሾፌሩ በአገጩ የፖሊሱን ፒካፕ አመለከተው። ሙህዲን ታስሮ ከኋላ ተቀምጧል፤ ከጎኑ የአንድ ሰው ቦታ አለ።

ሚኒባሱ አቧራውን አስነስቶ ወረደ። ሳዳም ቦርሳውን እንዳነገተ ቆመ፤ ሰልማ ሞተር እስክታስነሳ ድረስ ቆመ፤ ከዚያ ወጥቶ ከነፍሰ ገዳዩ ጎን ተቀመጠ።