ኩኩ በመስከረም

«መስከረም?» አለች ታምሲን፣ በትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ውስጥ የጓደኛዋን የብራዮኒን ግጥም የያዘውን ወረቀት ወደ ዓይኗ አስጠግታ። «አንቺ፣ በመስከረም ኩኩ የሚባለው ወፍ ይጮኻል እንዴ? እዚህ የሚመጣው እኮ በሚያዝያ ነው፤ በመስከረምማ አፍሪካ ገብቶ ፀሐይ እየሞቀ ነው።»

ብራዮኒ ወረቀቱን ነጠቀቻት። እውነትም መስከረም ይላል። ግን ምን ዋጋ አለው፤ ግጥሙ ተመርጦ ታትሟል፣ ቅዳሜ በመንደሩ አዳራሽ ወላጆች ፊት ታነበዋለች።

መምህርቷ ሚስ ፎሴት፣ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በእነዚሁ ኮረብቶች እየዞሩ ይጽፉ ስለነበሩ ገጣሚዎች ስታስተምራቸው ከርማለች። ሰዎቹ የወፍ ድምፅ ሲሰሙ ልጅነታቸው ይመጣባቸዋል። «እናንተም ወደ ልጅነታችሁ የሚመልሳችሁን ወፍ ጻፉ፤ የእውነት ይሁን ታዲያ» ብላ ነበር። ብራዮኒ ምንም አልመጣላት ሲል ፈጠረች፦ ትምህርት ቤት የገባችበት ቀን፣ አባቷ በትከሻው ተሸክሟት፣ ኩኩ ከጫካው ሲጣራ። አባቷ ከእናቷ ተለያይቶ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። ግጥሙን በስልክ ስታነብለት «ቅዳሜ እመጣለሁ» አላት።

«ሚያዝያ በይዋ» አለች ታምሲን። «ማን ያውቅብሻል?»

«ትምህርት በሚያዝያ ይጀመራል?»

«እሱስ ልክ ነሽ። በቃ፣ አለቀልሽ።»

ሲመሻሽ ብራዮኒ የድንች ልጣጭ ልትደፋ ወደ ጓሮ ወጣች። የድንጋዩ ካብ ላይ ሮቢን ትዘምራለች፤ ሌሎቹ ወፎች ብርዱን ሸሽተው ሲሄዱ የምትቀር ደረተ ቀይ ወፍ። ሁሌም ስላለች ብራዮኒ ልብ ብላ ሰምታት አታውቅም። አሁን ግን ባልዲውን እንደያዘች ቆመች። ትምህርት ቤት የገባች ቀንም ይኸው ዜማ ነበር፤ ተረከዟን የላጣት አዲስ ጫማ ትዝ አላት። የትምህርት ቤቱ ካብ። ከካቡ በላይ ብቅ ጥልቅ የምትል ሰማያዊ ኮፍያ፣ የእናቷ።

«ግቢ፣ ብርድ ይመታሻል» አለች እናቷ ከወጥ ቤት። «ቅዳሜ ደግሞ በረዶ አለ ብለዋል። አባትሽ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ያውልሽ።»

«እማዬ፣ ትምህርት ቤት የገባሁ ቀን ማን ነው የወሰደኝ?»

«እኔ ነኛ። አባትሽ ሥራ ነበረው።»

«ከካቡ ኋላ ተደብቀሽ ነበር አይደል?»

እናቷ እጇን በፎጣ ማድረቅ ጀመረች። «ትወድቃለች፣ ልጆች ይመቷታል ብዬ… እስከ እረፍት ሰዓት ቆምኩ። አላየሽኝም መስሎኝ ነበር እኮ።»

«ወፏንስ ታስታውሻታለሽ?»

«የምን ወፍ?»

ብራዮኒ ሳቀች። ባልዲውን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ገባች። «ግጥሙን ልቀይረው ነው። አባዬ አልነበረም።»

«ይከፋዋል፣ ልጄ። ጭራሽ ላይመጣም ይችላል።»

«አውቃለሁ። ቅዳሜ እዚያ ተቀምጦ ከሚሰማው ግን አሁን እኔው ብነግረው ይሻላል። ለሚስ ፎሴትም ነገ እነግራታለሁ።»

ስልኩን አንስታ ደወለች። «አባዬ፣ ስለ ግጥሙ የምነግርህ ነገር ነበር።»

«እየሰማሁሽ ነው፣ የኔ ቆንጆ» አለ አባቷ።

እናቷ ምንም እንዳልሰማች ሆና የጓሮውን በር ቆለፈች።