ስሙን ብቻ

«እናትሽን ፎርማሊቲ ነው፣ ለወጉ ያህል ነው በያቸው፤ በቃ» አለ የፊልሙ ወጣት አስተባባሪ፣ ወረቀቱን መርፌ እጅ ላይ እያስቀመጠ። «ነገር አታክብጂ። ይፈርሙልኝና ከምሳ በፊት መጥቼ እወስደዋለሁ።»

መርፌ እናቷ ያወጣችላት ቅጽል ስም ነው፤ ቀጭን ናት፣ የማትገባበት ቦታ የለም። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊልም ወደሚሠራበት መጋዘን እየመጣች ልብስ ሰፊዋን እናቷን ታግዛለች። ዛሬ እናቷ የአዳዲስ የወታደር ኮቶችን ክርን በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈገች ነው፤ ጦር ሜዳ የከረሙ እንዲመስሉ።

ወረቀቱ የተጻፈው እናቷ በማታውቀው፣ መርፌ ግን ትምህርት ቤት በተማረችው የውጭ ቋንቋ ነው። መርፌ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አነበበችው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርስ ተመልሳ ከላይ ጀመረች። እናቷ አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ የአልባሳት ክፍል ኃላፊ ሆና እንደሠራች ይላል። ኃላፊዋ ግን ከውጭ የመጣችው ባለመነጽር ሴትዮ ናት። የእናቷ ሥራ መቁረጥና መስፋት ነው።

«ይሄ እኮ ውሸት ነው!»

አስተባባሪው ግራ ቀኙን አየ። «ስሚኝ የኔ እህት። መንግሥት ለፊልሙ ግብር የሚቀንሰው ኃላፊዎቹ የአገር ሰው ከሆኑ ነው። ቅናሹ ከቀረ ድርጅቱ ቀጣዩን ፊልም ሌላ አገር ሄዶ ይሠራል። አናጢው፣ ሾፌሩ፣ እናትሽ፣ እኔም ራሴ ቤታችን ቁጭ ነው። የአምናውን ረሳሽው?»

አልረሳችውም። አምና ቅናሹ ለስምንት ወር ሲቋረጥ አንድም ፊልም አልመጣም። እናቷ የጎረቤት ሱሪ ዚፕ እየቀየረች ከረመች። አናጢው መጋዙን ሳይቀር ሸጠ።

ወደ ስፌት ክፍሉ ገባች። እናቷ ከኮቱ ላይ ቀና አላለችም።

«ምን ይላል?»

«ፎርማሊቲ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ትፈርማለች፣ ሥራው ይቀጥላል፣ ማንስ ያውቅባቸዋል? እስክሪብቶውን ዘረጋችላት። እናቷ አቧራ የለበሰ እጇን በሽርጧ ጠረገችና ተቀበለቻት። ወረቀቱን እንኳ አላየችውም። ልጇ ካመጣችው ምን ታያለች? ልትፈርም ጎንበስ አለች።

«ቆይ እማዬ። ላንብብልሽ።»

ቃል በቃል አነበበችላት። አስተባባሪው ያለውንም አላስቀረችም።

እናቷ ሳቀች። «እኔ ኃላፊ! ታዲያ ያቺ ሴትዮ ትናንት ኮሌታ አጣመምሽ ብላ የጮኸችብኝ በምን ሥልጣኗ ነው?» ሳቋ ቶሎ ከሰመ። «እንቢ ብዬ ሥራው ቢቀርስ?»

«አላውቅም» አለች መርፌ።

እናቷ ኮቱን አጥፋ ወደ ጎን አደረገችው። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰፍቻለሁ። በሚቀጥለው ፊልም ከምር ኃላፊ ያድርጉኝ፤ በሁለት እጄ እፈርማለሁ። ሥራውን ከልክለው ስሙን ብቻ ሲሰጡኝ ግን እንቢ።»

ከምሳ በፊት አስተባባሪው በሩን ገፋ አደረገ። «ተፈረመ?»

«አልተፈረመም» አለች መርፌ። «ኃላፊዋን ጥራልን። እማዬ የምታናግራት ነገር አለ።»

«በምን ቋንቋ?»

መርፌ ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት አስቀመጠች። ሦስተኛውን መሀላቸው ጎትታ ተቀመጠችበት።