ጭቃውን ማን ሸፈነው?

ኸድር ሞቶ የተገኘው ራሱ በመረገው ቦይ ውስጥ ነው። ጭንቅላቱን በአካፋ ተመትቷል። ግራና ቀኙ ያለው አዲስ ምርጊት እርጥብ ጆንያ ለብሷል። የመንደራችን ሰው መቼ ፖሊስ ይጠብቃል! ገና በማለዳው ሽማግሌውን ጁባራን ከተምር ዛፍ ጋር ጠፍሮ አስሮታል።

መርማሪው ሻምበል ሙርጋኒ ከዶንጎላ ከተማ እንደደረሰ መጀመሪያ ያየው ገመዱን ነው።

«ምን አደረገ?»

«ጀናቦ ሻምበል፣ ከኸድር ጋር በውሃ ሲጨቃጨቅ ነው የኖረው!» አለ ሰው ሁሉ ባንድ አፍ።

«እውነት ነው አጎቴ ጁባራ?»

«አዎ፣ ተጨቃጭቀናል! የኔ እርሻ ቦዩ መጨረሻ ላይ ነው። ውሃው እኔ ጋ ሳይደርስ አሸዋው ይጠጣዋል። ‹በሸክላ አፈር ምረገው› ብዬ ስለምነው ኖሬ ዘንድሮ እሺ አለኝ። ታዲያ ውሃ ሊያደርስልኝ የተነሳውን ሰው ልግደል? ያበድኩ መሰለህ እንዴ?»

ሻምበሉ ወደ ሟቹ ሚስት ወደ ስታና ዞረ።

«እህቴ፣ አብሮት የሚመርግ ሰው አለ?»

«ዓወድ አለ። አፈሩን የሚመርጠውም፣ በእግሩ የሚያቦካውም እሱ ነው። ኸድር ምላስ ነበረው፤ እጅ ያለው ዓወድ ነው። ሰው ግን የኸድር ቦይ ነው የሚለው።»

«እኔ ትናንት ከቀትር ጀምሮ ከወንዙ ማዶ ሰርግ ላይ ነበርኩ» አለ ዓወድ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሻምበሉ አንድ ፖሊስ በጀልባ ወደ ሰርጉ ቤት ላከ። ከዚያ ቦዩ ውስጥ ወርዶ ጆንያዎቹን ሁሉ ገለጠና ጭቃውን ለፀሐይ ተወው። ፖሊሱ ተመልሶ በጆሮው ሲያንሾካሹክለት ሁሉንም ሰበሰበ።

«ይሄን ደም እዩ። ያለው ጭቃው ላይ ነው። ጆንያው ከላይ ንጹህ ነው፤ ደም የነካው ከስር፣ ጭቃው ላይ በተኛበት በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ጭቃው የተሸፈነው ኸድር ከወደቀ በኋላ ነው። ሙት ተነስቶ ጆንያ አያለብስም። አጎቴ ጁባራ፣ ጭቃ ለምን ይሸፈናል?»

«እኔ ምኑን አውቄ! ውሃው ሲደርሰኝ ነው የማውቀው።»

ዓወድ ዓይኑን ከጭቃው አልነቀለም። የምርጊቱ ጠርዝ መንጣት ጀምሯል።

«ኧረ በአላህ! ሊሰነጠቅ እኮ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ከተሰነጠቀ ውሃው ይሰርጋል፣ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ! አልብሱት!»

«ለባልንጀራህ ሬሳ ያልጮህክ ሰው ለጭቃ ጮህክ» አለ ሻምበሉ ቀስ ብሎ። «ከሰርጉ ምሳ እንደበላህ ወጥተሃል። ሌላ ሰው ቢሆን ገድሎ ይሮጥ ነበር። አንተ ግን ጆንያ ነክረህ ጭቃውን አለበስክ፤ ሲሰነጠቅ ማየት አላስቻለህም።»

«የኔ ነዋ!» አለ ዓወድ። «ያቦካሁት እኔ፣ ‹እጅህ ይባረክ› የሚባለው እሱ! በቅናት እርር ድብን ብዬ ነው የኖርኩት። ትናንት ‹ቢያንስ የሁለታችን ይባል› አልኩት። ‹አንተን ደግሞ ማን ያውቅሃል?› ብሎ ሳቀብኝ። አካፋው እጄ ላይ ነበር።»

ጁባራን ፈቱት። የታሰረበትን እጁን እያሻሸ ወርዶ ጆንያዎቹን ነከረና ጭቃውን መልሶ አለበሰው።

ኸድር ከተቀበረ በኋላ ውሃው ቀስ ተደርጎ ተለቀቀ። ዓወድ እጁ በካቴና ታስሮ ጀልባ ሲጠብቅ፣ ከቦዩ መጨረሻ የጁባራ ድምፅ ተሰማ።

«ደረሰ! የኸድር ቦይ ውሃ ደረሰልኝ! አላህ ይማረው!»

«አሁንም የኸድር?» አለ ዓወድ።

ሰው ሁሉ ውሃውን ሊያይ ሮጧል።