የቨርጂል ታከር ጣት

የብሉዝ ሙዚቀኛው ቨርጂል ታከር አንድ ጠዋት በገዛ በረንዳው፣ በገዛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሞቶ ተገኘ። አሮጌው የእንጨት ጊታር ደረቱ ላይ ተደግፏል፤ የግራ እጁ ትንሿ ጣት ላይ የብሉዝ ተጫዋቾች ክር ላይ የሚያንሸራትቱት ዓይነት የጠርሙስ አንገት ተሰክቷል፤ በዚያ በመጋቢት ብርድ እግሮቹ ባዶ ናቸው። የራስ ቅሉ ከኋላ ባይፈረከስ ኖሮ፣ ከሰሜን የሚመጡት የሙዚቃ ሸክላ ሰብሳቢዎች ግድግዳቸው ላይ የሚሰቅሉትን ምስል በመሰለ ነበር።

ሸሪፍ ሃስኪን ነገሩን ለመቋጨት አንድ ሲጋራ አጭሶ እስኪጨርስ እንኳ አልፈጀበትም። በዋዜማው አመሻሽ ላይ የቨርጂል ሚስት ኦዜላ «ወይ ቀንሰው፣ ወይ እገድልሃለሁ!» ብላ ስትጮህ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ማድ ቤት ውስጥ ደግሞ ከባድ የብረት መጥበሻ አለ። ሸሪፉ ሁለቱን ደመረና ኦዜላን እስር ቤት ከተታት። በእኛ በሚሲሲፒ አንዲት ጥቁር ሴት ባሏን ገደለች ከተባለ ዳኛው ምሳው ሳይቀዘቅዝ ይፈርዳል፤ ሴትዮዋም ከእስረኞች እርሻ የምትወጣው በሬሳ ሣጥን ነው።

አስከሬኑን ልታነሳ የመጣችው ላቮንያ ቲብስ ነበረች። የጥቁሮቹ ቀብር ቤት ባለቤት ናት፤ በከተማው ውስጥ ረጅሙ መኪና የእሷ ነው፤ ጓንቷን አውልቃ የጨበጠችው ሰው የለም። ዕድሜዋን ሙሉ ሬሳ ስትገንዝ ስለኖረች ለሕያዋን ያላት ግምት እጅግ ዝቅ ያለ ነው።

«ሸሪፍ፣ መጥበሻውን ልየው?»

«እይው። ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ፖሊስ የሆንሽው?»

«እርስዎ ከተዉት ወዲህ» የሚለውን መልስ ዋጠችው። መጥበሻው ውስጥ የትናንት ጠዋቱ የአሳማ ስብ ረግቶ፣ ላዩ ጭረት እንኳ ሳይኖረው ተኝቷል። ከዚያ ወደ ሬሳው ጎንበስ አለች። የጠርሙሱ አንገት በቁርጥማት ያበጠውን የጣት አንጓ ማለፍ አቅቶት ጫፉ ላይ ቀርቷል። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ካልሲ አሻራውን ትቷል። ከበረንዳው ሳንቃ ሥር ደግሞ አንድ የሚያብለጨልጭ ነገር አየችና ጎንበስ ብላ አንስታ ጓንቷ ውስጥ ከተተችው።

ኦዜላን እስር ቤት ሄዳ አነጋገረቻት።

«ምንድን ነው እንዲህ ያስጮኸሽ?»

«ያ ኤሌክትሪክ ጊታሩ ነዋ! ከቺካጎ ይዞት ከመጣ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ቀንሰው ስለው ይጨምረዋል። ንድድ ሲለኝ ትቼው ወደ ወንዙ ወረድኩ።»

«እዚያ ማን አየሽ?»

«ዓሣ።»

«የእንጨቱንስ ጊታር መቼ ነው የተጫወተበት?»

«ያንን? ዶሮ ሊያስተኛበት ነበር እኮ!» አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ቀጥላ የጭፈራ ቤቱን ባለቤት ክሊተስ ጌንስን ጠየቀች። ክሊተስና ቨርጂል አብሮ አደጎች ናቸው።

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ሰሜን ሄጄ ትልቅ ኮንሰርት ላይ ልጫወት ነው ሲለኝ ተጣላን። እሱ ከሄደ የእኔ ቤት ውስጥ ማን ይጨፍራል፣ ሚስ ቲብስ? አይጥ? ግን ወንድሜ ነው፤ ቢበዛ እሰድበዋለሁ።»

በመጨረሻ ሆቴል ውስጥ ኤድመንድ ፌርቻይልድን አገኘችው። ቨርጂልን ወደ ኮንሰርቱ ሊወስድ የመጣው የሰሜን የሙዚቃ ሊቅ እሱ ነው። የገበሬ ቱታ ለብሷል፤ ቱታው ላይ ግን የብረት ካውያ መስመር ይታያል። የካሜራ ቦርሳውን እንደ ጨቅላ ልጅ ታቅፎታል።

«የመጨረሻው ንጹሕ ድምፅ ነበር» አለ ዓይኖቹን ጨፍኖ። «ጥጥ ለቃሚው፣ ባዶ እግሩን፣ ከእንጨት ጊታሩ ጋር!»

«ሲጫወት አይተውታል?»

«የድሮ ሸክላዎቹን በቃሌ ነው የማውቃቸው።»

«እኔ የጠየቅኩዎት ሲጫወት አይተውታል ወይ ብዬ ነው።»

«ያን የኤሌክትሪክ ጩኸት መጫወት ካሉት! እስኪ የእንጨቱን ንካልኝ፣ አንድ ፎቶ ላንሳህ ብዬ ብለምነው ሳቀብኝ። ብሉዝን የገደለው እኮ ያ ጩኸት ነው!»

«ብሉዙ አልሞተም፤ ሟቹ ቨርጂል ነው። ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«ከሆቴሌ አልወጣሁም።»

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ቀብር ቤቷ ሰበሰበቻቸው። ሸሪፉ ኦዜላን በካቴና ይዞ፣ እያዛጋ መጣ። ላቮንያ የእንጨቱን ጊታር ለክሊተስ አቀበለችው።

«ቨርጂል በዚህ እንዴት ነበር የሚጫወተው?»

ክሊተስ ተቀመጠና ጊታሩን እንደ ገበታ ጭኑ ላይ አጋደመው። «ሰንጢ ስጡኝ» አለ። «የሰንጢውን ጀርባ ክሩ ላይ እያንሸራተተ ነበር።»

«ጠርሙሱንስ?»

«ጠርሙስ?» አለች ኦዜላ ከጥግ። «ቨርጂል ጠርሙስ የሚይዘው ሊጠጣ ነው!»

ላቮንያ ወደ ሸሪፉ ዞረች። «መጥበሻ ያወዛወዘ ሰው ስቡን ይደፋል፤ ስቡ ግን እንደረጋ ነው። ማታ ጎረቤት የሰማው ኤሌክትሪኩን ነው፤ ጠዋት የተገኘው ግን የእንጨቱ ነው። ኤሌክትሪኩን ሠራተኞቼ ከጓሮው ረግረግ በመንጠቆ አወጡት፤ አንገቱ ተሰብሯል፣ ክሩ ላይ የቨርጂል ሽበት ተጠምጥሟል። ሌባ ቢሆን ይሸጠዋል እንጂ ረግረግ ውስጥ አይጥለውም። የጣለው ሰው ያፈረበት ሰው ነው። ካልሲውን ያወለቀለትም፣ ያን ጠርሙስ ሬሳው ጣት ላይ የገፋውም እሱ ነው። ሚስቱና አብሮ አደጉ ሰንጢውን ያውቃሉ። በሸክላ ለሚሰማ ጆሮ ግን ብረትም ጠርሙስም ያው ነው። ቨርጂልን በሸክላ ብቻ የሚያውቀው ማን ነው?»

«ይሄ ግምት ነው!» አለ ፌርቻይልድ።

«ይሄስ?» ከጓንቷ ውስጥ አንድ ፎቶ ብቻ አብርቶ የተቃጠለ የካሜራ ፍላሽ አምፖል አወጣች። «ከበረንዳው ሥር ያገኘሁት ነው። ቨርጂል በሕይወቱ አንድ ፎቶ ነፈገዎት። ከሞተ በኋላ ግን እንቢ አላለዎትም። ሸሪፍ፣ ያን ፊልም ያሳጥቡልኝ።»

ፌርቻይልድ ካሜራውን ከፍቶ ፊልሙን ለፀሐይ ሊሰጥ ተሽቀዳደመ፤ የክሊተስ መዳፍ ግን ቀደመችው።

«ጫማህን አውልቅ ስለው ሳቀብኝ!» ብሎ ጮኸ ፌርቻይልድ። «‹የእንግሊዝ ጸጉራም ዘፋኞች እንኳ የእኔን ጩኸት እየቀዱ ነው፣ አንተ ደግሞ ወደ ጥጥ ማሳ ልትመልሰኝ መጣህ› አለኝ! ከእኔ በላይ ቨርጂልን የሚወድ ማን ነበር?»

«እሱ ራሱ» አለች ላቮንያ። «ለዚህም ነው እርስዎ የጠሉት።»

የጥቁር ሰው መሞት ሸሪፉን አላንገበገበውም። ሰሜኖችን አጥብቆ ስለሚጠላ ግን፣ ገዳዩ አዋቂ ነኝ ባይ ሰሜናዊ መሆኑ እንደ በዓል አስደሰተው፤ ካቴናውን ከኦዜላ እጅ ፈትቶ ፌርቻይልድ እጅ ላይ ሲያጠልቅ ያፏጭ ነበር። ኦዜላን ይቅርታ መጠየቅ ትዝ እንኳ አላለውም።

ከቀብሩ መልስ ክሊተስ ጭፈራ ቤት ተሰበሰብን። ከረግረጉ የወጣው ኤሌክትሪክ ጊታር ደርቆ፣ አንገቱ በሽቦ ታስሮ፣ በቨርጂል የድምፅ ማጉያ አንድ ወጣት ይጫወትበታል፤ ክሊተስ ለኀዘንተኛዋ ክብር ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎታል።

ኦዜላ ሳህኗን አስቀመጠችና ብድግ አለች። «ማነው የቀነሰው?»

«ለአንቺ ብዬ ነው፣ እህቴ።»

«ለእኔ?» ሰዉን እየገፋች ሄዳ ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞረችው። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ ላቮንያ ቲብስ በጓንቷ ጆሮዋን ደፈነች። ኦዜላ ማጉያው ላይ ሁለት እጆቿን ጭና፣ እዚያው ቆማ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል አለቀሰች።